ማደንዘዣ ሴል ይገድላል ሲባል ምን ማለት ነው?

«ማደንዘዣ የሕፃናትን የአንጎል ሴል ይገድላል» የሚል ወሬ በየጊዜው ብቅ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «በቀዶ ሕክምና ጊዜ የሚሰጠው ማደንዘዣ ካንሰርን ያሰራጫል» የሚል ይከተላል። አንዳንዴም ተቃራኒው ይመጣል። ያው መድኃኒት ልብን ከጉዳት ይጠብቃል፣ የካንሰር ሴል እንዳያድግ ያደርጋል ይባላል። ልጁን ለኦፕራሲዮን ቀጠሮ ያስያዘ ወላጅ ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊያነብ ይችላል። ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

የሚገርመው፣ አብዛኞቹ ወሬዎች ከባዶ የተነሡ አይደሉም። ከጀርባቸው በወጉ የተሠራ የላቦራቶሪ ጥናት አለ። «ሴል ሞተ» ከሚለው ግኝት ተነሥቶ «ልጄ ይጎዳል» እስከሚለው ድምዳሜ ግን ረጅም መንገድ አለ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ መንገድ ላይ ነው። መንገዱን የሚወስኑት ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። ሴሉ ጋ የደረሰው መድኃኒት ምን ያህል ነው? ምን ያህል ሰዓት ቆየ? ሴሉስ ራሱ የትኛው ነው፣ በምን ዕድሜ ላይ ያለ? እነዚህ ሦስቱ ሲለዋወጡ መልሱም ይለዋወጣል።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከፌጦ ዘር የጀመረ ጥያቄ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። የኤተር ትነት ሕመምተኛን እንደሚያደነዝዝ በ1846 ቦስተን ውስጥ በይፋ ታየ። ያሳየው ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም ነበር። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ፈረንሳዊው ተመራማሪ ክሎድ በርናር አንድ ያልተለመደ ጥያቄ አነሣ። ኤተር የሚያደነዝዘው ነርቭ ያለውን ፍጡር ብቻ ነው ወይ?

መልሱን የፈለገው በፌጦ ዘር ነው። ፌጦ ቶሎ ይበቅላል። ውሃና አየር ካገኘ ሳይውል ሳያድር ይጎነቁላል። በርናር ከእርጥቡ ዘር ከፊሉን ተራ አየር፣ ከፊሉን ኤተር የተቀላቀለበት አየር እንዲያገኝ አደረገ። የመጀመሪያው እንደ ልማዱ በቀለ። ሁለተኛው ጸጥ አለ። ኤተሩ ሲነሣለት ግን ያ ጸጥ ያለው ዘር መጎንቆል ጀመረ። አልሞተም ነበር። ቆሞ ነበር እንጂ።

ዘር አንጎል የለውም፣ ነርቭም የለውም። ስለዚህ ማደንዘዣ የሚነካው እንቅልፍንና ሕመምን ብቻ አይደለም ማለት ነው። ሕያው ሴል ሁሉ የሚጋራውን አንድ መሠረታዊ ነገርም ይነካል። በርናር የደረሰበት ድምዳሜ ይህ ነበር። ዛሬ ስለ ማደንዘዣና ስለ ሴል የምንሰማው ክርክር ከዚያ ዘር የበቀለ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሴሉ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ማደንዘዣዎች ሁለት ትልልቅ ወገን አሏቸው። አንደኛው ሙሉ ማደንዘዣ ነው፤ ሰውየውን ጨርሶ ያስተኛዋል። ሴቮፍሉሬንና አይሶፍሉሬን በትንፋሽ ይሳባሉ። ፕሮፖፎልና ኬታሚን አብዛኛውን ጊዜ በደም ሥር ይሰጣሉ። ሁለተኛው ወገን አንድን የሰውነት ክፍል ብቻ ያደነዝዛል። ጥርስ ሊነቀል ሲል ድድ ላይ የሚወጋው ሊዶኬይን ከዚህ ወገን ነው። ቡፒቫኬይንም እንዲሁ።

ዋና ሥራቸውን የሚሠሩት በሴሉ ግድግዳ ላይ ባሉ በሮች ነው። ሪሴፕተር ወይም ተቀባይ የሚባሉት በሮች ለተወሰነ መልእክት ብቻ ይከፈታሉ። ጋባ የሚባለው መልእክት አንጎልን የሚያረጋጋ ፍሬን ነው። ኤንኤምዲኤ የሚባለው ተቀባይ ደግሞ እንደ ነዳጅ መርገጫ ነው። ሴቮፍሉሬንና ፕሮፖፎል በዋናነት ፍሬኑን ይረግጣሉ። ኬታሚንና ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለው ጋዝ እግርን ከነዳጁ ያነሣሉ። ሊዶኬይን ሌላ በር ነው የሚዘጋው። ሶዲየም የሚያልፍበት በር ሲዘጋ የሕመሙ መልእክት መንገድ ላይ ይቀራል።

እስከዚህ ድረስ ስለ ማደንዘዙ ነው። ነገር ግን አብዛኞቹ መድኃኒቶች በስብ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟሉ። የሴል ግድግዳ ደግሞ ስብ ነው። ስለዚህ በሩ ላይ አይቆሙም፣ ወደ ውስጥም ይዘልቃሉ። እዚያ ሁለት ነገሮችን ያገኛሉ።

አንደኛው የካልሲየም ጎተራ ነው። ሴል ካልሲየምን ለብቻው አስቀምጦ፣ ሲያስፈልገው ብቻ በጥቂቱ ያወጣዋል። እንደ አይሶፍሉሬን ያሉት ጋዞች ይህን ጎተራ ይከፍታሉ። ጥቂት ካልሲየም ለአጭር ጊዜ ሲወጣ ሴሉ ይነቃል፤ የራሱን መከላከያ ያዘጋጃል። ብዙ ካልሲየም ለረጅም ሰዓት ሲፈስ ግን ሴሉ መሸከም ያቅተዋል።

ሁለተኛው ማይቶኮንድሪያ ነው፤ የሴሉ ጉልበት ማመንጫ። ፕሮፖፎል ጥሩ ምሳሌ ነው። በኬሚካዊ ቅርጹ ከቫይታሚን ኢ ጋር ስለሚመሳሰል በልኩ ሲሰጥ ጎጂ የኦክስጅን ውጤቶችን ያረግባል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል በሰዓት ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ4 ሚሊግራም በላይ፣ ከ48 ሰዓት በላይ ሲንቆረቆር ግን ሌላ ነገር ሊመጣ ይችላል። የልብና የጡንቻ ሴሎች ጉልበት ማመንጨት ያቅታቸውና ሕመምተኛው ለሞት የሚያደርስ አደጋ ላይ ይወድቃል። ይህ ያልተለመደ ችግር ነው፤ ሐኪሞች ግን ስለሚያውቁት መጠኑን ይቆጣጠራሉ። ያው መድኃኒት ነው። የተለወጠው መጠኑና ሰዓቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቃል እናብራራ። ሴል በዋናነት የሚሞተው በሁለት መንገድ ነው። በድንገተኛ ጉዳት ሲፈነዳና ዙሪያውን ሲበክል ኔክሮሲስ ይባላል። ራሱን በሥርዓት ሲያፈርስ ደግሞ አፖፕቶሲስ ይባላል። ስሙ በ1972 የወጣ ሲሆን የቅጠል መርገፍን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል የመጣ ነው። አፖፕቶሲስ በሽታ አይደለም። ፅንስ በማኅፀን ውስጥ ጣቶቹ የሚለያዩት በመካከላቸው ያሉት ሴሎች በዚህ መንገድ ስለሚረግፉ ነው። በማደግ ላይ ያለ አንጎልም ከሚያስፈልገው በላይ ሴል ያመርትና ብዙዎቹን ያረግፋል። ጥያቄው መርገፍ የሌለበት ሴል ሲረግፍ ነው።

የሕፃናቱ አንጎል

የብዙ ወላጆችን እንቅልፍ የነሣው ክርክር የተጀመረው በአይጥ ግልገሎች ነው። በ1999 ተመራማሪዎች በግልገሎች አንጎል ውስጥ የኤንኤምዲኤን በር ሲዘጉ የአንጎል ሴሎች በብዛት መርገፋቸውን አዩ። በ2003 የወጣው ጥናት ደግሞ ይበልጥ አስደነገጠ። የ7 ቀን ግልገሎች ለ6 ሰዓት ያህል ሦስት መድኃኒቶች ተሰጣቸው፤ ሚዳዞላም፣ ናይትረስ ኦክሳይድና አይሶፍሉሬን። ለልጆች ቀዶ ሕክምና የተለመዱ መድኃኒቶች ናቸው። ውጤቱ በሰፊው የሴል ሞት ሆነ። ግልገሎቹ ካደጉ በኋላም በመማርና በማስታወስ ፈተና ወደ ኋላ ቀሩ።

ለምን ግልገል ላይ? ምክንያቱ የሴሉ ዕድሜ ነው። በዚያ ወቅት የአንጎል ሴሎች እርስ በርስ እየተያያዙ ነው። ሴሉ ከጎረቤቱ «አለህ ወይ» የሚል ምልክት ካላገኘ አላስፈላጊ ነኝ ብሎ ራሱን ያፈርሳል። ማደንዘዣው ያንን ንግግር ዝም ያሰኘዋል። ትልቅ አንጎል ዝም ቢል ችግር የለውም፤ ግንኙነቱ አስቀድሞ ተመሥርቷል። በግልገል አንጎል ግን ዝምታ የስንብት ደብዳቤ ሊሆን ይችላል። በሰው ልጅ ይህ ወቅት ከእርግዝናው የመጨረሻ ወራት ጀምሮ እስከ ሁለትና ሦስት ዓመት ዕድሜ አካባቢ ይዘልቃል።

ታዲያ ሰው ላይስ? እዚህ ላይ ሦስት ትልልቅ ጥናቶችን ማየት ይበቃል።

የመጀመሪያው በ7 አገሮች፣ በ28 ሆስፒታሎች የተካሄደ ነው። የብሽሽት ቡአ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው 722 ጨቅላ ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ከፊሎቹ በሴቮፍሉሬን ተኙ። ከፊሎቹ ነቅተው እንዳሉ ከወገብ በታች ብቻ ደነዘዙ። የተኙት በአማካይ አንድ ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ነው ማደንዘዣ ላይ የቆዩት። አምስት ዓመት ሲሆናቸው የአእምሮ ችሎታ ፈተና ተሰጣቸው። የሁለቱም ቡድን አማካይ ነጥብ 99 ገደማ ሆነ። ልዩነት አልነበረም። የመጨረሻው ውጤት የታተመው በ2019 ነው።

ሁለተኛው ወንድምና እኅቶችን አነጻጸረ። 105 ጥንዶች ናቸው፤ አንዱ ልጅ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ተደንዝዞ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ሌላኛው ያልተደረገለት። ቤቱና ወላጁ አንድ ስለሆነ ንጽጽሩ ጥሩ ነው። በ2016 የወጣው ውጤት በአእምሮ ችሎታ ልዩነት አላሳየም።

ሦስተኛው ጉዳዩን ትንሽ ያወሳስበዋል። ማዮ ክሊኒክ የተባለው የአሜሪካ የሕክምና ማዕከል 997 ልጆችን መርምሮ በ2018 ውጤቱን አወጣ። ጨርሶ ያልተደነዘዙ፣ አንድ ጊዜ የተደነዘዙና ከአንድ ጊዜ በላይ የተደነዘዙ ተብለው ተለይተዋል። አጠቃላይ የአእምሮ ችሎታቸው ተቀራራቢ ነው። ከአንድ ጊዜ በላይ የተደነዘዙት ላይ ግን መረጃን በፍጥነት በማስተናገድና በጥቃቅን የእጅ ሥራ መጠነኛ ዝቅታ ታየ። ወላጆቻቸውም በባሕርይና በንባብ በኩል ብዙ ችግር አስመዘገቡ።

ይህን የመጨረሻውን እንዴት እንየው? አንዱ ወገን «የአይጦቹ ነገር ሰው ላይም አለ፤ ሰዓቱ ሲረዝምና ሲደጋገም ይታያል» ይላል። ሌላው ወገን «በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለትና ሦስት ጊዜ ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ልጅ መጀመሪያውኑ የታመመ ልጅ ነው፤ ልዩነቱ የበሽታው ሊሆን ይችላል» ይላል። ሁለቱም ነጥብ አላቸው። እኔን የሚያሳምነኝ ግን ለአጭርና ለአንድ ጊዜ ማደንዘዣ ጉዳዩ ወደ መዘጋት መቃረቡ ነው። ለረጅሙና ለተደጋገመው አልተዘጋም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2016 መጨረሻ ያወጣው ማስጠንቀቂያም ልዩነቱን የጠበቀ ነው። ከሦስት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆችና በእርግዝና የመጨረሻ ሦስት ወራት ላሉ እናቶች፣ ከ3 ሰዓት በላይ ወይም በተደጋጋሚ ሲሰጥ ነው ጥንቃቄ ያስፈልጋል የሚለው። አጭርና አንድ ጊዜ የሆነው ጉዳት ያመጣል ተብሎ እንደማይጠበቅም አብሮ ተናግሯል። ወሬው ሲዞር ይህኛው ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ይጣላል።

አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ፤ ችላ ሊባል አይገባምና። ሕፃንን ከማደንዘዣ መከልከልም ዋጋ አለው። እስከ 1980ዎቹ ድረስ በብዙ ቦታ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት በጣም በጥቂት ማደንዘዣ፣ አንዳንዴም ያለ ማደንዘዣ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር። ሕመም አይሰማቸውም ተብሎ ነው። በ1987 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናትን አነጻጸረ። ፌንታኒል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ያላገኙት ላይ የሰውነት የጭንቀት ምላሽ እጅግ የበረታ ነበር፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ብዙ ችግር ገጠማቸው። ያልተደነዘዘ ሕመምም ሴልን ይጎዳል።

ያው ጋዝ ጠባቂ ሲሆን

አሁን ወደ ተቃራኒው ወሬ እንሂድ። በ1986 ተመራማሪዎች በውሾች ልብ ላይ አንድ እንግዳ ነገር አዩ። የልብን የደም ሥር ለ40 ደቂቃ ቢዘጉ ብዙ የልብ ጡንቻ ይሞታል። ከዚያ በፊት ግን ለ5 ደቂቃ እየዘጉ አራት ጊዜ ቢከፍቱት፣ የሚሞተው ጡንቻ ወደ ሩብ ያህል ወረደ። ትንሹ መከራ ሴሉን ለትልቁ መከራ አዘጋጀው። ይህ ፕሪኮንዲሽኒንግ ይባላል። ቀድሞ ማለማመድ ልንለው እንችላለን።

በ1990ዎቹ መጨረሻ አይሶፍሉሬንም ይህንኑ እንደሚያደርግ በእንስሳት ታየ። ቅድም ያየነው የካልሲየምና የማይቶኮንድሪያ ትንሽ መረበሽ ነው ሥራውን የሚሠራው። ሴሉ ትንሽ ይደነግጣል፤ ከዚያ በሩን ይዘጋል፣ ይታጠቃል። በላቦራቶሪ ሲታይ አስደሳች ነበር። የልብ ሐኪሞችም ተስፋ አደረጉ።

ከዚያ ትልቁ ፈተና መጣ። የልብ ደም ሥር ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው 5,400 ሰዎች፣ በ13 አገሮች በሚገኙ 36 ሆስፒታሎች፣ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን በጋዝ፣ ሌላው በደም ሥር ብቻ በሚሰጥ ማደንዘዣ ተኛ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያው ቡድን 2.8 በመቶ፣ ከሁለተኛው 3.0 በመቶ ሞቱ። ልዩነቱ ከቁጥር የማይገባ ነው። በ2019 የወጣው ይህ ውጤት የእንስሳቱን ጥናት ውሸት አላደረገውም። የእነዚህ ሕመምተኞች ልብ ግን የታመመና ያረጀ ነው፤ ብዙ መድኃኒትም ይወስዳሉ። በጤነኛ እንስሳ ልብ የታየው ጥበቃ እዚያ ጎልቶ አልወጣም።

መቅኔውን ያቆመው ጋዝ

ስለ ሴል ዕድገት ሲነሣ ከናይትረስ ኦክሳይድ የተሻለ ማስተማሪያ የለም። ዘዴው ግልጽ ነው፣ ሰው ላይም ታይቷል።

በ1950ዎቹ ዴንማርክ ውስጥ ሐኪሞች በመንጋጋ ቆልፍ የተያዙ ሕመምተኞችን ይህን ጋዝ ለቀናት እያሳቡ ያስተኙ ነበር። ሐሳቡ ሰውነትን የሚያንዘፈዝፈው መኮማተር እስኪያልፍ ማሳረፍ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን የሕመምተኞቹ ነጭ የደም ሴል ቁልቁል ወረደ። መቅኔያቸው ማምረቱን አቁሞ ነበር። ሐኪሞቹ ይህን በ1956 ለሙያ አጋሮቻቸው በጽሑፍ አሳወቁ።

ምክንያቱ በኋላ ነው የታወቀው። ቫይታሚን ቢ12 በመሐሉ ኮባልት የተባለ ብረት አለው። ናይትረስ ኦክሳይድ ያንን ኮባልት ይለውጠውና ቫይታሚኑን ሥራ ያስፈታዋል። ቢ12 ከሌለ ሴሉ ዲኤንኤ ለመገልበጥ የሚያስፈልገውን ዕቃ ማዘጋጀት አይችልም። ዲኤንኤ ካልተገለበጠ ደግሞ ሴል አይከፈልም። መቅኔ በየሰከንዱ ሚሊዮን የሚቆጠር ሴል የሚያመርት ፋብሪካ ስለሆነ ጉዳቱ መጀመሪያ እዚያ ይታያል። ቆይቶ ነርቭን የሚሸፍነው ልባስም ይጎዳል።

ለአንድ ሰዓት ቀዶ ሕክምና ይህ አብዛኛውን ሰው አያሳስብም። ቢ12 የጎደለበት ሰው ግን ቀድሞ ለሐኪሙ መንገር አለበት። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ከሆስፒታል ውጪ ያለው ነው። ጋዙን ለመዝናኛ በተደጋጋሚ የሚስቡ ወጣቶች እግራቸው እየደነዘዘ፣ መራመድ እያቃታቸው ወደ ሐኪም ይሄዳሉ። ብሪታንያ በ2023 ለዚህ ዓላማ መያዙን በሕግ የከለከለችው በዚህ የተነሣ ነው።

መርፌው ያረፈበት ቦታ

የመጠን ነገር በትክክል የሚገባን በአካባቢ ማደንዘዣ ላይ ነው። ትንሽ ስሌት እንሥራ። 2 በመቶ ሊዶኬይን ማለት በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ 20 ሚሊግራም ማለት ነው። በደም ውስጥ በሚሊሊትር 5 ማይክሮግራም ገደማ ሲደርስ የመመረዝ ምልክት መታየት ይጀምራል። እንግዲህ መርፌው ያረፈበት ቦታ ያሉ ሴሎች ለጥቂት ጊዜ የሚነከሩት ደም ሊሸከመው ከሚችለው በብዙ ሺህ እጥፍ በበለጠ መጠን ነው። ብዙውን ጊዜ ምንም አይሆኑም፤ ደም ቶሎ ያጥበዋል።

ደም የማያጥበው ቦታ ላይስ? የመገጣጠሚያ ልም አጥንት ወይም ካርቲሌጅ እንዲህ ያለ ቦታ ነው። የራሱ የደም ሥር የለውም። አንድ ጊዜ ሐኪሞች ከትከሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሕመም ለማስታገስ ቀጭን ቱቦ መገጣጠሚያው ውስጥ አስገብተው ቡፒቫኬይን ለሁለትና ለሦስት ቀን ማንጠብጠብ ጀምረው ነበር። ከወራት በኋላ የአንዳንዶቹ ልም አጥንት ተበልቶ ተገኘ። ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ። በላቦራቶሪ የልም አጥንት ሴሎች በቡፒቫኬይን እንደሚሞቱ ታይቷል። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2009 ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ አሠራሩም ተተወ።

ጡንቻ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ቡፒቫኬይን ጡንቻ ውስጥ ሲወጋ የካልሲየሙን ጎተራ ይከፍትና የጡንቻውን ክር ይገድላል። ነገር ግን ከክሩ ጎን የተኙት መጠባበቂያ ሴሎች ይተርፋሉ። እነሱ ነቅተው በሳምንታት ውስጥ ጡንቻውን መልሰው ይሠሩታል። ተመራማሪዎች ጡንቻ እንዴት ራሱን እንደሚጠግን ማየት ሲፈልጉ ሆን ብለው ይህን መድኃኒት እስከ መጠቀም ደርሰዋል። መድኃኒቱ አንድ ነው። ልም አጥንት ራሱን በወጉ መጠገን አይችልም፣ ጡንቻ ይችላል።

ካንሰርና ማደንዘዣ

ይህ ክርክር በጣም የሚያስፈራ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ዕጢ ሲወጣ ጥቂት የካንሰር ሴሎች ወደ ደም ሊያመልጡ ይችላሉ። በዚያው ሰዓት የቀዶ ሕክምናው ጭንቀት የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል። ማደንዘዣው ለእነዚያ ሴሎች ያግዛል ወይስ ይቃወማል ነው ጥያቄው።

በላቦራቶሪ ሳህን ላይ አይሶፍሉሬን የፕሮስቴት ካንሰር ሴሎችን ለዕድገት የሚረዳ ፕሮቲን እንዲያመርቱ ሲገፋፋ ታይቷል። ፕሮፖፎል በአንጻሩ ሲያበርደው ታየ። የሆስፒታል መዝገቦችን ወደ ኋላ ያገላበጡ ጥናቶችም አንዳንዶቹ ፕሮፖፎልን የሚደግፍ ነገር አገኙ። መዝገብ ግን ወጥመድ አለው። ሐኪሙ ለየትኛው ሕመምተኛ የትኛውን ማደንዘዣ እንደመረጠ፣ ለምንስ እንደመረጠ መዝገቡ በሙሉ አይናገርም።

በዕጣ የተከፋፈለው ትልቅ ጥናት በ2019 ወጣ። የጡት ካንሰር ያለባቸው ከ2,100 በላይ ሴቶች ተሳትፈዋል። ከፊሎቹ በነርቭ ማደንዘዣና በፕሮፖፎል፣ ከፊሎቹ በሴቮፍሉሬንና ሞርፊን መሰል በሆኑ ማስታገሻዎች ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ካንሰሩ የተመለሰባቸው በሁለቱም ወገን 10 በመቶ ናቸው። «ጋዝ ካንሰርን ይመልሳል» ለሚለው ፍርሃት ይህ እስካሁን ካየናቸው መልሶች ሁሉ ጠንካራው ነው።

በ2023 ግን ከሕንድ ሌላ ዓይነት ውጤት መጣ። ሐኪሞቹ ወደ 1,600 የሚጠጉ የጡት ካንሰር ሕመምተኞችን በዕጣ ከፈሉ። ለግማሾቹ ዕጢው ከመውጣቱ 7 እስከ 10 ደቂቃ ቀደም ብሎ ዙሪያውን በ0.5 በመቶ ሊዶኬይን ወጉ። ከአምስት ዓመት በኋላ በሽታው ሳይመለስ በሕይወት የቆዩት ሊዶኬይን ካገኙት 86.6 በመቶ፣ ካላገኙት 82.6 በመቶ ሆኑ። በሕይወት መኖር ብቻ ሲታይ 90.1 እና 86.4 በመቶ ነው።

ሁለቱ ጥናቶች ይጋጫሉ? አይመስለኝም። በመጀመሪያው ጥናት ማደንዘዣው ዕጢው ጋ የሚደርሰው በደም ተበርዞ ነው። በሁለተኛው ሊዶኬይኑ በቀጥታ፣ በሙሉ ጉልበቱ የካንሰሩን ሴሎች ያርሳቸዋል። አንዳንድ የካንሰር ሴሎች ለመንቀሳቀስ የሶዲየም በርን ይጠቀማሉ፤ ሊዶኬይን የሚዘጋው ደግሞ ይህንኑ በር ነው። አሳማኝ ነው። ተቺዎች ግን ለንጽጽር የማስመሰያ መርፌ አለመሰጠቱን ያነሣሉ፤ ውጤቱም በሌላ ቦታ መደገም አለበት ይላሉ። ትክክል ናቸው። መድኃኒቱ ርካሽና በየሆስፒታሉ ያለ በመሆኑ መደገሙ የሚያጓጓ ነው።

ገዳይም አብቃይም፦ ኬታሚን

በአጭሩ አንድ ምሳሌ ብቻ። በ1999ኙ ጥናት የተነካው የኤንኤምዲኤ በር ነው። ኬታሚንም የሚዘጋው ያንኑ ነው፤ በከፍተኛ መጠን ለረጅም ሰዓት ሲሰጥ የእንስሳት ግልገሎችን የአንጎል ሴል ያረግፋል። በ2010 ደግሞ በዝቅተኛ መጠን ለአዋቂ አይጦች ሲሰጥ በአንድ ቀን ውስጥ በአንጎል ሴሎቻቸው ላይ አዳዲስ መገናኛዎች መብቀላቸው ታየ። ከዚህ መድኃኒት የተገኘ በአፍንጫ የሚነፋ ዓይነት በ2019 አሜሪካ ውስጥ ለሌላ መድኃኒት አልበገር ላለ የድብርት ሕመም ተፈቅዷል።

ገና ያልተቋጨው

አሁን ትልቁ ጭንቀት ያለው በአንድ ቡድን ላይ ነው። ከልብ ጉድለት ጋር የተወለዱ ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ጊዜ፣ ብዙ ሰዓት ይደነዝዛሉ። የማዮውን ጥናት ያወሳሰበው ጥያቄ የሚመለከተው በዋናነት እነሱን ነው። እነሱን ደግሞ «አንተ ተኛ፣ አንተ ንቃ» ብሎ በዕጣ መክፈል አይቻልም። የልብ ቀዶ ሕክምና ያለ ሙሉ ማደንዘዣ አይሆንም፤ ሕክምናው ከቀረ ደግሞ ሕፃኑ ይሞታል።

ስለዚህ ሥራው ያለው መጠኑንና ሰዓቱን በመቀነስ ላይ ነው። አንዱ መንገድ ዴክስሜዴቶሚዲን የተባለ መድኃኒት ጨምሮ የጋዙን መጠን ማሳነስ ነው። በእንስሳት ይህ መድኃኒት ከጋዞቹ ያነሰ የሴል ሞት ነው ያሳየው። ሌላው መንገድ መድኃኒት ሳይሆን ቀጠሮ ነው። መጠበቅ የሚችል ቀዶ ሕክምና ካለ ሦስት ዓመት እስኪሞላ ይቆያል። መጠበቅ የማይችለው አይቆይም፤ በወሬ ፈርቶ ማዘግየት ከማደንዘዣው የባሰ ጉዳት ያመጣልና። አንድ ሕፃን የምስል ምርመራም ትንሽ ኦፕራሲዮንም የሚያስፈልገው ከሆነ ደግሞ፣ ወላጅ አንድ ነገር ሊጠይቅ ይችላል። «ሁለቱን በአንድ ማደንዘዣ መሥራት ይቻላል ወይ?» ብዙ ጊዜ ሁለቱ ክፍሎች ስላልተነጋገሩ ብቻ ነው ልጁ ሁለት ጊዜ የሚተኛው።